"አትገምተኝ ነው ያልሁ"፦ የ1960 የጎጃም አመፅ ለምን አሸነፈ፣ ለምንስ አብዮት ሳይሆን ቀረ

አያቴ ቤት ምሰሶው ላይ አንዲት ያረጀች የፍየል ቆዳ ስልቻ ተንጠልጥላ ነበር። እህል የለባትም፣ ወረቀት ነው ያለባት፣ የግብር ካርኒ። ግማሹን አይጥ በልታዋለች፣ ከግማሹ ላይ ማህተሙ ብቻ ነው የቀረው። አያቴ ማንበብ አይችሉም ግን የትኛው ካርኒ የየትኛው ዘመን እንደሆነ በወረቀቱ ቀለምና በእጥፋቱ ይለዩት ነበር። ኮሌጅ ገብቼ የፖለቲካ ፍልስፍና ምናምን መማር ስጀምር ነው ነገሩ ግራ ያጋባኝ፣ ምክንያቱም እኚሁ ሰው በ1960 ግብር አንከፍልም ብለው ጫካ ከገቡት አንዱ ናቸው ሲባል ነው ያደግነው፣ ታዲያ ግብር አልከፍልም ያለ ሰው ካርኒ እንደ ታቦት የሚጠብቀው ምን ነክቶት ነው?

"አባባ፣ አንቱ ግብር እምቢ ብለው የሸፈቱ ሰው አይደሉ እንዴ፣ ካርኒው ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው አንድ ክረምት።

"ግብር እምቢ ያለ ማነው?" አሉኝ ቆጣ ብለው። "አትገምተኝ ነው ያልሁ።"

ያኔ ሰምቼ አለፍኩት። አሁን ግን የዛን ጊዜ ጎጃምን ለማስረዳት ከዚህች አረፍተ ነገር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፣ ፈላስፎቹንም የማመጣቸው እሷን ለመፍታት ያህል ነው።

ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በኅዳር 1960 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን አወጣ፣ ቁጥር 255። እስከዛ ድረስ ገበሬው የመሬት ግብር ይከፍላል፣ በላዩ አስራት (ከምርቱ አንድ አስረኛ) ይከፍላል፣ በላዩ ደግሞ የትምህርትና የጤና የሚባል ተጨምሮበታል (ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም አብዛኛው ሰፈር የሉም፣ ግብሩ ግን በሰዓቱ ይደርሳል)። አዲሱ አዋጅ አስራትን አስቀርቶ በቦታው ገበሬው በዓመት ያገኘውን ገቢ ገምቶ በዛ ልክ ማስከፈል ነው። ወረቀት ላይ ስታየው እኮ ክፉ አይደለም፣ እንደውም ያለው ብዙ ይክፈል የሌለው ትንሽ የሚል ዘመናዊ ሎጂክ ነው ያለው፣ ትልልቅ ባለመሬቶችንም ይነካል ተብሎ ነው የታሰበው፣ ፓርላማ ውስጥም ባለመሬት የሆኑት እንደራሴዎች በደንብ ተከራክረውበታል። እና በጣም የሚገርመው ነገር፣ ባለመሬቱን ሊነካ የመጣው ሕግ ሲወጣ መሣሪያ ይዞ የተነሳው የጎጃም ገበሬ ነው።

ጎጃም ያኔ ጠቅላይ ግዛት ነው፣ ሰባት አውራጃ፣ ዓባይ በሦስት በኩል የከበበው። ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ናቸው፣ ከሸዋ የመጡ፣ ሕዝቡ ከአዋጁ በፊትም የመረራቸው። በጠመንጃ ምዝገባው በመዋጮው በቅጣቱ የተከማቸ ቂም ነበር። ጎጃሜን ጠመንጃህን አስመዝግብ ማለት በጠላት ወረራ ጊዜ የተዋጋበትን ነገር ለመውሰድ መንገድ መጥረግ ነው፣ በእሱ አይን። ከዛ ገማች ኮሚቴ ይመጣል ተባለ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ቆላ ደጋ ዳሞት ላይ ገበሬው አናስገምትም አለ፣ ገማቾቹ ተባረሩ፣ ሽማግሌ አዲስ አበባ ድረስ ለአቤቱታ ተላከ፣ ሰሚ ሲጠፋ ነገሩ ወደ ጠመንጃ ሄደ። መንግሥት ፖሊስም ወታደርም ላከ፣ አውሮፕላንም ደብድቧል። በመጨረሻ ግን የተረታው መንግሥት ነው፣ ገዥው ተነሱ፣ አዲሱ ግብር ጎጃም ውስጥ ሳይሰበሰብ ቀረ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ጎጃም ድረስ መጥተው ለዓመታት የተከማቸውን ውዝፍ ሰረዙ።

ገበሬ በዘውዱ ዘመን መንግሥትን እንዲህ ጥርት አርጎ ያሸነፈበት ሌላ ቦታ ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም።

እሺ ለምን ተነሱ? መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጆን ሎክ ነው፣ የመንግሥት ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው እንግሊዛዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1689 የጻፈው። ሎክ የሚለው መንግሥት የሰውን ንብረት ያለ ሰውዬው ወይም ያለ ወኪሎቹ ፈቃድ መንካት አይችልም፣ ግብርም ቢሆን። ሕዝብ ደግሞ ለጥቃቅን ጥፋት አይነሳም፣ ይታገሳል፣ የሚነሳው በደሉ ተደራርቦ አንድ አቅጣጫ እንዳለው ሲገባው ነው ይላል። ይቺ ሁለተኛዋ ጎጃም ላይ ልክ ትገባለች። ጎጃም ከጠላት መባረር በኋላ በ1930ዎቹም በ1940ዎቹ መጀመሪያም በመሬት ግብር ጉዳይ ተነስቶ ያውቃል፣ መንግሥትም ነገሩ ስለገባው በ1937 የመሬት ግብር አዋጅ ሲያወጣ ሌላውን አገር በጋሻ (የመሬት መለኪያ ነው) እየቆጠረ ሲያስከፍል ጎጃምን፣ ቤጌምድርንና ትግሬን እንደ ድሮአችሁ ክፈሉ ብሎ ነው የተዋቸው። ስለዚህ የ1960ው አዋጅ ለገበሬው አዲስ ነገር አልነበረም፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው አሁን በመስኮት ሊገባ ሲሞክር ማለት ነው።

ፈቃድ የሚለው ነገር ላይስ? ፓርላማ አለ፣ እንደራሴ ተመርጧል፣ አዋጁ በፓርላማ አልፏል፣ በሎክ ሒሳብ ፈቃድ ተሰጥቷል ማለት ነው። ግን ሞጣ ላይ ያለው ገበሬ ያ እንደራሴ የኔን ርስት ለማስገመት ነው የተላከው ብሎ አያውቅም፣ ብዙው ሰው እንደራሴውን በአይኑ አይቶትም አያውቅ። ሕጋዊ ፈቃድ ሌላ የልብ ፈቃድ ሌላ ሆነና መሀላቸው ባዶ ቦታ ተፈጠረ፣ ጠመንጃው የገባው እዛ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

ሎክ የሚሰናከልበትም ቦታ አለ፣ መናገር አለብኝ። እሱ ንብረት የሚመጣው ከላብ ነው ይላል፣ ያለማኸው ያረስከው የአንተ ነው። የጎጃም ርስት እንደዛ አይደለም። ርስት የሚመጣው ከአጥንት ነው፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት ጀምረህ በአባትህም በእናትህም በኩል ትቆጥራለህ፣ ከደረስክ ድርሻ አለህ፣ አርሰኸውም ይሁን ሀያ ዓመት አገር ጥለህ ጠፍተህ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለው ለዚህ ነው። ይኼ ማለት ደግሞ መሬቱ አንድ ሰው ስም ላይ የተቆለፈ ነገር አይደለም፣ ገና ያልተወለደ የአክስት ልጅ ሁሉ የሚጠይቅበት ክፍት ሒሳብ ነው። እንግዲህ አንድ ኮሚቴ መጥቶ ይኼን ያህል መሬት ይኼን ያህል ኩንታል የእገሌ ብሎ ፎርም ላይ ሲሞላ ያንን ክፍት ሒሳብ ዘጋው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ተራ የገቢ ግምት ነው። ከዚህ ሲታይ ዘር ማንዘርህን በአንድ ብዕር መቁረጥ ነው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባል የለ።

የሎክ ነገር እዚህ ይብቃ፣ ለኔ ይበልጥ የሚያስረዳው አርስቶትል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረ ሰው ስለሆነ ስለ ኢንካም ታክስ ምንም አያውቅም፣ ግን ስለ ፖለቲካ በጻፈው በአምስተኛው መጽሐፍ ሰዎች ለምን እንደሚያምፁ ሲዘረዝር ጥቅም አለ፣ ክብር አለ፣ ንቀት አለ፣ ፍርሃት አለ ይላል። ፍርሃት ሲል ደግሞ ቀድሞ የተበደለው ብቻ ሳይሆን ግፍ ሊደርስብኝ ነው ብሎ የሚጠብቀው ሰው እንዳይደርስበት ቀድሞ ይነሳል ነው የሚለው። በሉ አሁን አያቴን አስታውሱ። አልገመቷቸውም እኮ! ገማቹ እሳቸው ማሳ ላይ አልደረሰም። ሳይደርስ ነው የተነሱት።

ይኼን አንዳንዱ ምሁር ነኝ ባይ የገበሬ አለማወቅ ነው ይለዋል፣ አዋጁን ስላልተረዱት ነው ምናምን። እኔ አልስማማም። በምን ላይ ተመስርተው እንደፈሩ እዩ። ቀላድ የሚባለውን ነገር ሁሉም ሰምቷል፣ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው፣ በደቡብ በኩል መሬት በቀላድ ሲለካ በብዙ ቦታ ሲሶው ለባላባቱ ቀርቶ ሌላው ለመንግሥትና መንግሥት ለሚሾመው ሰው ሆኗል፣ የአገሩ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ወታደር ሆኖ ደቡብ የሄደ ጎጃሜ ይኼን በአይኑ አይቶ መጥቷል፣ እንደውም አንዳንዱ ከተለካው የተሰጠው ነው። ስለዚህ የዛሬው ግምት የነገው ገመድ ነው ብሎ ማሰብ ቅዠት አይደለም፣ ከጎረቤት ቤት የታየ እሳት ነው። አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን አዋጁን ብቻ ነበር የሚያነበው፣ ገበሬው ግን አዋጁን ከነታሪኩ ነው ያነበበው፣ ማንበብ ሳይችል።

ንቀቱም አለ። ገዥው የአገር ልጅ አለመሆናቸው ብቻ አይደለም፣ ሽማግሌ ልከህ ሽማግሌህ ደጅ ሲጠና ውሎ ሲመለስ እሱ ከግብሩ በላይ ያማል። አያቴ የግብሩን መጠን ጠይቄያቸው አያስታውሱም፣ የተመለሱትን ሽማግሌዎች ግን በስም በስም ነው የሚጠሩልኝ፣ ማን በየትኛው በቅሎ ሄዶ በእግሩ እንደተመለሰ ጭምር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ አንስተው ከመንግሥት ጦር ጋር ተታኩሰው ስንቱ ሞቶ፣ ንጉሡን ግን አልነኩም። በጃንሆይ አምላክ እያሉ ነው የተዋጉት ማለት ይቻላል፣ ጥፋቱ የገዥው ነው፣ ጃንሆይ አልሰሙም እንጂ ቢሰሙ ይፈርዱልናል። ቶማስ ሆብስ የሚባለው ሌላው እንግሊዛዊ (1651 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ሲታመስ የጻፈ) የሚለው ነገር አለ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተዋውለው ሥልጣኑን ለአንድ አካል ይሰጣሉ፣ ያ አካል ግን ከተዋዋዮቹ አንዱ አይደለም፣ ስለዚህ ውል አፈረስክ ብሎ ሊከሰው የሚችል የለም። እኛ ደግሞ ይኼን ሁሉ በአራት ቃል ጨርሰነዋል፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው ብሎ በጽሑፍ አስቀምጦታል።

ግን የጎጃም ገበሬ ሆብስን ሳያፈርስ ዙሪያውን ዞሮ ነው ያለፈው። ንጉሥ አይከሰስም፣ እሺ፣ ሹሙ ግን ይከሰሳል። ብልሃት ነው? ወይስ እምነት? ይኼን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ ሁለቱም ይመስለኛል። በብልሃቱ በኩል መንግሥት ሳያፍር የሚሸነፍበት በር ተከፈተለት፣ ጃንሆይ ገዥውን አንስተው ውዝፉን ምረው ሲመለሱ ክብራቸው አልተነካም፣ እንደውም አባት ሆነው ነው የተመለሱት፣ ገበሬውም የፈለገውን አገኘ። በእምነቱ በኩል ግን ዋጋ አስከፍሏል፣ ምክንያቱም ችግሩ ሰውዬው ነው ካልክ ሰውዬው ሲነሳ ችግሩ አለቀ።

ሰውዬውስ የት ሄዱ? ከፋ። ጎጃም ያልፈለጋቸው ገዥ ከፋ ላይ ተሾሙ፣ እና በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ የከፋ ዋና ከተማ የጅማ ሕዝብ ገዥያችን ይነሱልን ብሎ አደባባይ ወጣ፣ ገዥው እኚሁ ደጃዝማች ፀሐዩ። ይኼን መጀመሪያ ሳነብ ሳቅሁም አዘንኩም። ጎጃም በስድስት ዓመት የቀደመው ጥያቄ ለጅማ በፖስታ እንደተላከላት ቁጠሩት።

ጅማ ላይ አብዮት የተባለው ጎጃም ላይ ለምን አመፅ ብቻ ተባለ? ልዩነቱን ለማየት የምትጠቅመኝ ሃና አረንት ናት፣ ስለ አብዮት እ.ኤ.አ. በ1963 የጻፈችው ፈላስፋ። ፈረንጆቹ ለአብዮት የሚጠቀሙበት ቃል መጀመሪያ የከዋክብት ቃል ነው ትላለች፣ ዞሮ ወደ ነበረበት መመለስ ማለት ነበር፣ የድሮ አብዮተኞችም ብዙዎቹ ሲነሱ አዲስ ነገር ልናመጣ ነው ብለው ሳይሆን የተወሰደብንን የድሮ መብት ልናስመልስ ነው ብለው ነው። ከጭቆና መላቀቅ አንድ ነገር ነው፣ ነፃነት የሚኖርበትን አዲስ ሥርዓት መመሥረት ሌላ ነገር ነው፣ ሁለተኛው ከሌለ አብዮት አይባልም የምትለው እሷ ናት።

በዚህ ሚዛን 1960 ጎጃም ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው። እንደ ድሮአችን ይሁን ነው ጥያቄው። ገዥ ይነሳ፣ ገማች አይምጣ፣ ርስት እንደነበረ ይቆይ። ገዥውን ማን ይሹም የሚል ጥያቄ የለም። ግብሩን ማን ይወስን የሚል ጥያቄ የለም። ያኔ አዲስ አበባ ያሉት ተማሪዎች ከ1957 ጀምሮ መሬት ላራሹ እያሉ ነበር፣ ጎጃሜው ይኼን መፈክር ቢሰማ ምን ሊለው ነው፣ እሱ አራሹም ባለርስቱም ራሱ ነው። መፈክሩ ለደቡቡ ጭሰኛ ነበር የተሰፋው። በዛ ላይ አመፁን ከመሩት መሀል ደህና ደህና ባለርስቶችና ያካባቢው ትንንሽ ባላባቶች ነበሩበት፣ እነሱ ሥርዓቱ እንዲገለበጥ ለምን ይፈልጋሉ? ስለዚህ ተማሪውና ገበሬው በአንድ ዘመን አንድ መንግሥት ላይ ተነስተው ሳይገናኙ አለፉ።

እዚህ ጋ ግን አረንትን ትንሽ ልሞግታት እፈልጋለሁ፣ በራሳችን ቋንቋ። አብዮት የሚለው ቃል ከግዕዙ "አበየ" ነው የመጣው፣ እምቢ አለ ማለት ነው። የፈረንጁ ቃል ከመዞር ሲመጣ የኛ የመጣው ከእምቢታ ነው። ቃሉን ቃል በቃል ካየነው የአያቴ "አትገምተኝ" ራሱ አብዮት ነው፣ ንጹህ አብዮት፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። እና እኔ የሚመስለኝ የ1966ቱም ቢሆን የሆነው ይኼ ነው፣ በእምቢታው በኩል ሁሉም ጎበዝ ነበር፣ ወታደሩ ተማሪው ታክሲ ነጂው ቄሱ ሳይቀር እምቢ አለ፣ ከእምቢታው በኋላ ማን ይወስን የሚለው ወንበር ባዶ ነበርና ቀድሞ የደረሰው ደርግ ተቀመጠበት። ጎጃም በ1960 ያላነሳውን ጥያቄ አገሩ በሙሉ በ1966 አንስቶ መልሱን ሳይይዝ ነው የቀረው። ጎጃምን ወደ ኋላ የቀረ አመፅ ብለው የሚያልፉት ሰዎች ላይ የምናደደው ለዚህ ነው፣ እንዴ፣ እናንተስ የት ደረሳችሁ?

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ መሬት የሕዝብ ሆነ። ለደቡቡ ጭሰኛ ትልቅ ነፃነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ጎጃም ላይ ገበሬው በእጁ ያለውን ማረሱን ቀጠለ፣ ርስት የሚባለው መብት ግን በወረቀት ሞተ፣ አጥንት መቁጠር ቀረ፣ ድርሻ የሚሰጠው የገበሬ ማህበሩ ሆነ። በ1960 የተፈራው ነገር በሌላ ስም፣ በሌላ ጌታ፣ በአብዮት ስም መጣ። ገበሬውም ደርግን በጥርጣሬ ነው ያየው፣ አኮረፈም።

ገመዱ ራሱ የመጣው ደግሞ በ1989 ነው፣ ክልሉ መሬት እንደገና ሲያከፋፍል። በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረው ቢሮክራሲ ተባለ፣ ለሱ አንድ ሄክታር፣ ለሌላው እስከ ሦስት፣ ትርፉ ተወስዶ መሬት ለሌለው ይሰጣል። ብዙ የጎጃም ገበሬ ያኔም አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊል ሄዷል፣ ልክ እንደ 1960ዎቹ ሽማግሌዎች፣ በበቅሎ ሳይሆን በአውቶቡስ። ጠመንጃ ግን አልተነሳም። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ አያቴ ማሳ ጫፍ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ሦስት የኮሚቴ ሰዎች መጡ፣ አንዱ ደብተር ይዟል፣ ሁለቱ ገመድ። አያቴ ስልቻዋን ከምሰሶው አውርደው ይዘው ወጡ፣ ካርኒዎቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ለባለ ደብተሩ አሳዩት። ልጁ በ1960 አልተወለደም። አገላብጦ አየና "አባ፣ ይኼ የንጉሡ ጊዜ ነው" ብሎ በአክብሮት መለሰላቸው፣ ከዛ ገመዱን ዘረጉ።

አያቴ ዝም ብለው ቆዩ። ካርኒዎቹን በየእጥፋታቸው መልሰው አጣጠፉ፣ ስልቻዋን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ገመዱን ወደያዘው ልጅ ሄዱ።

"ወጥር እንጂ ልጄ" አሉት፣ "ረግቧል እኮ፣ የሌለ መሬት እየቆጠርህብኝ ነው።"